አጥንቱ ብቻ የቀረ ደብዳቤ

በእስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ ውስጥ ከመሥሪያ ቤት ጋር ጉዳይ ያለበት ሐበሻ ሁሉ፣ ጠበቃ ከመፈለጉ በፊት የመንግስቱን በር ያንኳኳ ነበር። መንግስቱ ጎንደር ላይ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ አንድ ዓመት የመምህራን ማሠልጠኛ የተማረ፣ ዕብራይስጥንም እንደ ሌላው ከአውቶቡስና ከገበያ ሳይሆን ከሰዋስው መጽሐፍ የጀመረ ሰው ነው። ጽሕፈቱ ጌጠኛ ነበር። ሰላምታው ሦስት መስመር ይይዛል፤ ልመናው ጫማውን ከደጅ አውልቆ እንደሚገባ እንግዳ ጎንበስ ብሎ ይመጣል፤ መዝጊያው ደግሞ ገና ያልተደረገውን እንደ ተደረገ ቆጥሮ ያመሰግናል። አምስት ልጆች የምታሳድግ አንዲት መበለት በእሱ ደብዳቤ ሰፊ ቤት አገኘች ይባል ነበር። እውነት ይሁን ሐሰት እሱ አላስተባበለም። ደብዳቤ ጻፍልኝ ብሎ የመጣን ሰው መመለስ የተጠማን ውኃ እንደ መከልከል ስለሚቆጠር፣ ጠላቱም ቢመጣ ይጽፍለታል።

በዚያ ዓመት የመጣው ግን ጠላት አልነበረም። ከጠላት ይልቅ የሚከብድ ሰው ነበር፤ ሰጠው የሚባል ወዳጁ ነበር።

ነገሩ የተነሣው ሁለቱም ከሚሠሩበት ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ በከተማው ዳር፣ ወደ ኢንዱስትሪ ቀጠናው በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ፣ ተማሪዎቹ አንድ ሺህ የማይሞሉ ትንሽ ኮሌጅ ነው። መንግስቱ በቀን የስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤቱን ይጠብቃል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ የሩጫ ቡድኑን አሠልጥኗል። ሰጠው በፋብሪካ የጧት ፈረቃውን ጨርሶ እየመጣ የሴቶቹን እግር ኳስ ቡድን ማሠልጠን ከጀመረ ሰባት ዓመቱ ነው። ተማሪ እየሳሳ ሲሄድ መጀመሪያ የጠረጴዛ ቴኒሱ ተዘጋ። በዓመቱ መረብ ኳሱ ቀረ። ከዚያም ቅርጫት ኳሱ ተከተለና መንግስቱ ኳሶቹን አስተንፍሶ በካርቶን አሸጋቸው። በመጨረሻም ከፋሲካ ማግሥት፣ የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ የሆነችው ሺራን ሁለቱን አሠልጣኞች አስጠርታ፣ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ኮሌጁ የሚይዘው አንድ ቡድን ብቻ እንደሆነ ነገረቻቸው። የትኛው እንደሚቀጥል የሚወስን ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ሁለቱም ስለ ቡድናቸው ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ጽሑፍ ያቅርቡ። ይህን ስትል ማዘኗ ከፊቷ ይነበብ ነበር። ሐዘኗ ግን ከፊቷ አልፎ ወረቀቱ ላይ አልደረሰም።

ከቢሮዋ ሲወጡ ሰጠው ሳቀ። ሁለት አውራ ዶሮ በአንድ ግቢ ከተቱን፣ አለ። መንግስቱም ፈገግ አለ። ውስጡ ግን የዚያችን ሰዓት መምጣት ከልቡ ሲጠብቃት እንደኖረ ታወቀው። አንድ ጊዜ እንኳ፣ ሁለቱ በአንድ ሚዛን ላይ ተቀምጠው፣ የሚያውቃቸው ሁሉ እያየ፣ የመንግስቱ ወገን ሊደፋ ነው።

ቅናቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በተጫኑባት ዕለት፣ በእስራኤል ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ሕዝቡ ግንባሩ ላይ ቁጥር ተለጥፎለት ተሰልፎ ሳለ፣ አስተባባሪዎቹ ማንበብ የሚችል ወጣት ፈለጉና መንግስቱን መርጠው የስም ዝርዝር አስያዙት። እሱ በአንድ ጥግ ቆሞ ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ የሰው ስም ሲጠራ ዋለ። እናቱ ድንቅነሽ እግሯ አብጦ ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ ነበር። አውቶቡሱ ሲመጣ ልጇ በሰልፉ ወዲያኛው ጫፍ ስለነበረ፣ ሰጠው ጎንበስ ብሎ አዝሏት ሄደ። መንግስቱ እናቱን ያገኛት አውሮፕላኑ ውስጥ፣ ራሷን በሰጠው ትከሻ ላይ ጥላ ነው።

ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት በሕይወት ኖረች። በሠርጉም፣ በልቅሶውም፣ በግርዛቱም፣ ስለ አመጣጧ የጠየቃትን ሁሉ፣ «እኔ በሰጠው ጀርባ ነው የመጣሁ» ትል ነበር። ስም ሲጠራ ስለዋለው ልጇ አንድም ቀን ሲወጣት አልተሰማም። መንግስቱ ይህን ለማንም አላነሣም። ጽሕፈት ያወቀ እጁ እናቱን ከመሸከም እንዳስቀረው ግን ሁልጊዜ ያስብ ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ከእናቱ ጋር ይቀበር ነበር። ቀጥሎ የአጋም ነገር መጣ። አጋም የመንግስቱ አንድያ ሴት ልጅ ናት። ካርሜ ጋት የሚባለው ሰፈር ፎቅ ሳይበቅልበት፣ ገና እርሻ ሳለ፣ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ በዚያ አቧራማ መንገድ እያሮጠ አሳድጓታል። በአሥራ ሰባት ዓመቷ በአገር አቀፍ ወጣቶች ውድድር ሁለተኛ ወጣች። ኮሌጅ ስትገባ በአባቷ ቡድን ውስጥ አንድ ዓመት ሮጠች። በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን ወደ ግምጃ ቤቱ መጥታ፣ ቁጥር ሠላሳ ዘጠኝ የእግር ኳስ ጫማ እንዳለ ጠየቀች። መንግስቱ ጫማውን ከመደርደሪያ አወረደ፤ መዝገቡን ገለጠ፤ እንደማንኛዋም ተማሪ አስፈረማት። ለምን ብሎ አልጠየቀም። እሷም አልነገረችውም። ከዚያን ቀን ወዲህ ከግምጃ ቤቱ መስኮት ሆኖ፣ የእሱ ልጅ በሰው ኳስ ስትሥቅ ያይ ነበር። ከእሱ ጋር በነበረች ጊዜ ሥቃ ታውቅ እንደሆነ ለማስታወስ ይሞክርና ይተወዋል።

ስለዚህ ሰጠው በአንድ ሐሙስ ማታ የሱፍ ፍሬ በከረጢት ይዞ ቤቱ መጥቶ፣ የቡድኑን ደብዳቤ እንዲጽፍለት በለመነው ጊዜ፣ መንግስቱ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ።

«ባላንጣህን ነው የምታስጽፍ» አለው፣ ቀልድ አስመስሎ።

«ታዲያ ማንን ላስጽፍ? እኔ ብጽፍ፣ ‹ሰላም፣ ኳስ እንፈልጋለን፣ ሰላም› ብዬ ነው የምጨርስ» አለ ሰጠው የሱፉን ቅርፊት በመዳፉ እየሰበሰበ። «ደግሞስ ሌላ ሰው ዘንድ ብሄድ፣ መንግስቱ እያለልህ ምን ሆነህ ብለው ያሙናል።»

ይህ እውነት ነበር። መንግስቱ ብዕሩን አነሣና ተናገር አለው።

ሰጠው ተናገረ። ነገሩን የሚናገረው እንደ ሪፖርት ሳይሆን እንደ ጎረቤት ወሬ ነው። ስንት ተጫዋች አለህ ሲባል በጣቱ እየቆጠረ ስማቸውን ይጠራል፤ ስንቶቹ ሠራተኞች ናቸው ሲባል ማን በየትኛው ፋብሪካ እንደምትሠራ፣ የማን አለቃ ክፉ እንደሆነ ይተርካል። ከብዙ ወሬ መካከል አንድ ነገር ወጣ። ልጆቹ ፈረቃቸውን ሲጨርሱ ወደ ልምምድ የሚያመጣቸው አውቶቡስ ስለሌለ፣ ሰጠው ራሱ ከሥራ እንደወጣ ልብሱን ሳይቀይር በአሮጌ መኪናው ከፋብሪካ በር ፋብሪካ በር እየዞረ ይለቅማቸዋል። ሰባት ዓመት እንዲሁ አድርጓል። ከተጫዋቾቹ የአንዷ፣ የሆዳያ፣ አባት በታመሙ ጊዜ ደግሞ፣ ሆዳያ ትምህርቷን ልታቋርጥ ስትል፣ ልጆቹን ሰብስቦ ተራ አወጣ። ሆዳያ ፈተና ስትቀመጥ ከእነሱ አንዷ አባቷን ታስታምምላታለች። የመጀመሪያዋን ተራ የወሰደችው አጋም ናት።

ሰጠው እዚህ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ አለ። የሱፉን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አንድ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ተወው።

መንግስቱ አላስተዋለውም። እሱ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የገዛ ልጁ የሰው አባት ማስታመሟን ከሰው አፍ ሰማ። አንድ ክረምት ሙሉ ጉንፋን ይዞት ሲያስል፣ በጨዋ ደንብ ሻይ አምጥታለት ወደ ክፍሏ ትመለስ ነበር። እዚያ ግን ተራ ወስዳለች፤ ያውም የመጀመሪያውን።

ሰጠው አራት ገጽ ማስታወሻ አስሞልቶ ሄደ። መንግስቱ ከዚያ አራት ገጽ ደብዳቤውን አወጣ። ሐሰት አልጨመረም፤ የሚያስነውር ቃል አልጻፈም። ያደረገው ማስቀረት ብቻ ነው። የፋብሪካውን በር አስቀረው። የሆዳያን አባት አስቀረው። ሰላምታውን፣ ልመናውን፣ መዝጊያውንም አስቀረ። ሥጋው ሁሉ ተገፎ የቀረው አጥንት ይህ ነበር፦ በቡድኑ ውስጥ ሃያ ሁለት ተጫዋቾች አሉ፤ ከእነዚህ አሥራ አምስቱ በፈረቃ ይሠራሉ፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ስልሳ አንድ ተማሪዎች ተጫውተዋል፤ ከስልሳ አንዱ ትምህርቷን ያቋረጠች የለችም፤ ቡድኑ እንዲቀጥል እንጠይቃለን። ግማሽ ገጽ አልሞላም። በመንግስቱ ዓይን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ወደ ዳኛ ፊት ራቁቱን የተላከ ሰው ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሹም፣ ጸሐፊው እኔን ንቆኛል ብሎ ወደ ጎን ይጥለዋል።

የራሱን በሁለት ቀን ጻፈ። ከጻፋቸው ሁሉ የሚያምር ነበር። ሰላምታው ኮሌጁን ከተመሠረተበት ቀን ጀምሮ ያወድሳል። ስለ ሯጮቹ ትጋት፣ ስለ ጧት ቅዝቃዜ፣ ስለ ሩጫ ጸጥታ በሚገባ የተነገረ ነገር አለበት። ስለ ራሱ ግን፣ ያደገበት ሥርዓት እንደሚያዝዘው፣ እንዲህ ብቻ አለ፦ «ይህ ትሑት አሠልጣኝ ያበረከተው እጅግ ጥቂት ነው፤ ተገኘ የሚባል ነገር ካለ የተማሪዎቹ ነው።»

ሁለቱንም በእጁ ስለጻፋቸው፣ በኮምፒውተር የምትገለብጣቸው አጋም ነበረች። መጀመሪያ የእሱን ጀመረች፤ እስከ መጨረሻው ጽፋ ቆመች።

«አባ፣ ሻምፒዮን ስለሆኑት ሁለቱ ሯጮች የት ላይ ጽፈዋል?»

«የሚያውቅ ያውቀዋል።»

«ወዓዳው፣ ኮሚቴው፣ አያውቅም። እነዚህ ሰዎች እርስዎን አይተዎት አያውቁም፣ ሜዳም ወርደው አያውቁም። ያደረጉትን ይንገሯቸው።»

«ሰው ስለ ራሱ አይናገርም፣ ልጄ። ሌላ ሰው ይናገርለታል።»

«ማን?»

 መንግስቱ የወዳጁን ደብዳቤ አቀበላት። እሱን በደቂቃዎች ውስጥ ጨረሰችና ሌላ ወረቀት እንዲሰጣት እጇን ዘረጋች። የለም አላት። ይኸው ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ይኸው ነው አለ። የፋብሪካው በርስ፣ የሆዳያስ ነገር፣ ጋሼ ሰጠው ሁሉን ነግሬዋለሁ ብለውኝ ነበር አለችው።

«ኮሚቴ ረጅም ነገር አይወድም» አለ መንግስቱ።

አጋም የእሱን ሁለት ሙሉ ገጽ አነሣች። ከሰጠው ግማሽ ገጽ ጎን አስቀመጠችው። ሁለቱን አየቻቸው፤ ቀጥላም አባቷን አየችው። ከዚያ ሁለቱን አትማ ጠረጴዛው ላይ ትታለት ወጣች።

በማግሥቱ መንግስቱ እንደ ልማዱ ደብዳቤውን ለባለጉዳዩ ጮክ ብሎ አነበበለት። ሰጠው በግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አዳመጠ። ሲያልቅ፣ አለቀ ወይ አለ። አለቀ አለው። በሰጠው ፊት ላይ እፎይታ የመሰለ ነገር አለፈ። አንተ በቂ ነው ካልህ በቂ ነው ብሎ ፈረመ። አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። ካመነ ሰው ኪስ መስረቅ እንዴት ቀላል እንደሆነ መንግስቱ በዚያች ሰዓት አወቀ፤ ወረቀቱን ግን አጣጥፎ በፖስታ ከተተው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። መንግስቱ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ከሰጠው ጋር እንደ ወትሮው ሰላም ይባባል ነበር። እንዲያውም ከወትሮው ይልቅ ደግ ሆነለት። ሊያሸንፉት እንደተዘጋጁት ሰው የሚያሳዝን የለም። የእግር ኳሱን መረብ ቀዳዳ ሰፋለት፤ አዳዲሶቹን ኳሶችም ቀድሞ አወጣለት።

ከዚያ ሺራን ብቻውን አስጠራችው። ውኃ ቀድታለት፣ ነገሩን ሳታዞር ነገረችው። የሩጫ ቡድኑ በዚህ ዓመት ያበቃል፤ እሱ በግምጃ ቤቱ ሥራው ላይ ይቆያል። ኮሚቴው ብዙ ጉዳይ ስለነበረበት ለእያንዳንዱ ወረቀት የነበረው ጊዜ ጥቂት ነው። የሰጠው ወረቀት ሲነበብ ግን ሁሉም ቀና አሉ። ኮሌጁን የሚያስጨንቀው ትምህርት የሚያቋርጥ ተማሪ ነው፤ እዚያ ደግሞ በአንድ መስመር፣ ከስልሳ አንድ ተማሪ ያቋረጠች የለችም የሚል ተጽፏል። ሊቀ መንበሩ፣ ሁሉም እንዲህ አድርጎ ቢጽፍ ምን ነበረበት አሉ። ስለ ሩጫው ደግሞ የሚይዙት ነገር ፈልገው አጡ። ሺራን ይህን ተናግራ የእሱን ሁለት ገጽ አወጣች። አንድ መስመር በቢጫ ቀለም ተሰምሮበታል።

«የአሠልጣኙ አስተዋጽኦ እጅግ ጥቂት ነው፣ ይላል» አለች በለሆሳስ። «እኛ ያልነው አይደለም፣ መንግስቱ። አንተ ነህ የጻፍኸው።»

መንግስቱ አመስግኗት ወጣ። በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ በየዓመቱ የተነሡ የቡድን ፎቶግራፎች ተሰቅለው ነበር፤ በእነሱ ሥር ቀስ ብሎ አለፈ። ሊገድልበት የሳለው ቢላ በሰው እጅ ዳቦ ተቆርሶበታል። ለገዛ ነፍሱ የፈተለው ሐር ግን አንቆታል። ቁጣ እንኳ አልመጣለትም፤ የሚቆጣው በማን ላይ ነው?

የዓመቱ መዝጊያ በሜዳው ላይ ተደረገ። ዘጠኙ ሯጮቹ አንድ በአንድ ወደ ግምጃ ቤቱ እየመጡ ጫማቸውንና የደረት ቁጥራቸውን አስረከቡ፤ እያንዳንዳቸውን በመዝገብ አስፈረመ። አንዷ ስትፈርም አለቀሰች፤ መሐረብ ፈልጎ ስላጣ የቡድኑን ንጹሕ ካልሲ አቀበላት፤ እያለቀሰች ሳቀች። ዕቃው ሁሉ ከገባ በኋላ ወደ ሜዳው ወጣ። ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ጥቂት ወላጆች ቆመዋል። ሰጠው ድምፅ ማጉያውን ተቀብሎ፣ በተሰባበረ ዕብራይስጡ ልጆቹን አመሰገነ፤ የፋብሪካ አለቆችን አመሰገነ። ከዚያ ወደ መንግስቱ ዞረ። ይህን ቡድን ያተረፈውን ደብዳቤ የጻፈው የሩጫው አሠልጣኝ መሆኑን ተናገረ። ያውም በዚያው ሳምንት የራሱን ሲጽፍ።

«የራሱ ቤት እየነደደ ለጎረቤቱ ውኃ የቀዳ ሰው አይታችኋል?» አለ። «እዚያ ቆሟል፤ እዩት።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አጨበጨበ። ሺራን ዓይኗን ጠረገች። ሆዳያ በሁለት ጣቷ አፏጨች። መንግስቱ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆመ። በዕድሜው ሙሉ በሰጠው ሲቀና ኖሯል፤ በዚያች ሰዓት ግን የቀናው በሌላ ሰው ላይ ነበር፤ ሰጠው በሚናገርለት፣ ሕዝቡ በሚያጨበጭብለት በዚያ መንግስቱ ላይ። እንዲያ ያለ ሰው መሆን ምን ይመስል ነበር? ቀና ሲል ከተጫዋቾቹ መካከል አንዲት ልጅ እጆቿን አውርዳ እንደቆመች አየ። አጋም አላጨበጨበችም።

ሰው ሲበተን ቀረበችው። ድምፅዋ ሻይ አምጥታለት ስትሄድ እንደነበረው የተረጋጋ ነበር።

«አባ፣ ለጋሼ ሰጠው እርስዎ ይነግሯቸዋል ወይስ እኔ ልንገራቸው?»

ሰጠው በሜዳው ወዲያኛው ጫፍ ኳስ በመረብ ከረጢት እየሰበሰበ ነበር። መንግስቱ ሜዳውን አቋርጦ ሄደ። ያ ሜዳ መቶ ሜትር አይሞላም፤ በሕይወቱ እንደዚያ የረዘመ ሩጫ አላጋጠመውም። ደርሶም መግቢያ አልፈለገም።

«ያን ደብዳቤ ያሳጠርሁት እንድትሸነፍ ብዬ ነው።»

ሰጠው ኳስ በብብቱ እንደያዘ ቆመ። «የበሩን ነገር?»

«የበሩንም፣ የሆዳያንም፣ ሁሉንም። አውቄ ነው ያስቀረሁት።»

ሰጠው በከረጢቱ ላይ ተቀመጠ። ወደ ሣሩ እያየ ተናገረ። የበሩን ነገር እንዳትጽፈው ልለምንህ ነበር አለ፤ የዚያን ዕለት አፌ ላይ ደርሶ ነው የተውሁት። ሰው ያደረገውን ደግነት በራሱ ፊርማ እንዴት ለሹም ይልካል? ስናገር አምልጦኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። አሳጥረህ ስታነብልኝ፣ አየኸው፣ ሳልነግረው ገባው አልሁ።

 የመንግስቱ ክፋት እንኳ የራሱ ሆኖ አልቀረለትም፤ እሱንም ሰጠው በጎ አድርጎ ወስዶበታል።

ሰጠው ተነሣ። ፊቱ ላይ ሣቅ አልነበረም። «ዛሬ አመስግኜሃለሁ፤ በሰው ፊት ስለሆነ አላነሣውም» አለ። «ከነገ ጀምሮ ግን ሰላም አልልህም።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪወጣልኝ።»

ቃሉን ጠበቀ። ለበጋው ልምምድ ኳስ ሲያስፈልገው ሆዳያን ይልካል እንጂ ወደ ግምጃ ቤቱ አይጠጋም። መንግስቱ በመስኮቱ ሆኖ ያየዋል። ሰጠው የበሩን ዘበኛ ትከሻ መታ አድርጎ ሰላም ይላል፤ አትክልተኛውን ሰላም ይላል፤ ውኃ ያመጣውን ሾፌር እንኳ ስሙን ጠርቶ ስለ ወገቡ ይጠይቀዋል። መንግስቱ በዘበኛው ቀና። ይህን ሲያውቅ በራሱ አፈረ፤ ማፈሩ ግን ቅናቱን አልቀነሰለትም። እቤት ደግሞ አጋም ሻዩን በጨዋ ደንብ ታመጣለች። ባለቤቱ አስናቁ፣ እናንተ ሁለታችሁ ማንን ቀብራችሁ ነው ብላ ትጠይቃለች።

እንዲህ ሆኖ አሥራ አንድ ቀን አለፈ። በአሥራ ሁለተኛው ከቀትር በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሰጠው የሱፍ ከረጢቱን ይዞ ቆሟል። ሰላም ሳይል ገባ፤ ሳይጋበዝ ተቀመጠ።

«ደብዳቤ ጻፍልኝ» አለ።

ደብዳቤ የጠየቀ ሰው አይመለስም። መንግስቱ ብዕሩን አነሣና ለማን እንደሆነ ጠየቀ። ለሺራን ነው አለ ሰጠው፤ የሚጽፈውም የእግር ኳሱ አሠልጣኝ ነው። ከዚያ ጣቱን በጠረጴዛው ላይ እያሳረፈ ቃል በቃል ነገረው። ተጫዋቾቼ በጨዋታ ላይ ከዕረፍት በኋላ ይደክማሉ። ሩጫ የሚያስተምራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ሰውየው ሩቅ አይደለም፣ በግምጃ ቤቱ ውስጥ ነው ያለ። በሳምንት ሁለት ቀን ሜዳው ይፈቀድለት፤ ዘጠኙ ሯጮቹም ከእኛ ጋር ይሩጡ፤ ለዚህ ኮሌጁ አዲስ ቡድን መክፈት አያስፈልገውም። መንግስቱ እስከዚህ ጻፈ።

«ቀጥል» አለ ሰጠው። «ይህ ሰው በሃያ ዓመት ሁለት ሻምፒዮኖች አውጥቷል። ሳፒር የምትባል፣ ከሁሉ ኋላ የምትቀር ልጅ ነበረችው። ሁለት ክረምት ሙሉ ከጎኗ ሮጠ፤ አንድም ቀን ቀድሟት አያውቅም። በአጥሩ በኩል አየው ነበር።»

ብዕሩ ቆመ። የሳፒርን ነገር ያየ ሰው አለ ብሎ መንግስቱ አስቦ አያውቅም።

«ይህን አልጽፍም» አለ። «ስለ ራሴ ነው።»

«ስለ ራስህ አይደለም። ፊርማው የኔ ነው፤ እኔ ስለ ሰው ነው የምናገር። ሳታስቀር ጻፍ።»

ማንም ሳይጠራት አጋም ኮምፒውተሯን ይዛ ከክፍሏ ወጣች፤ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጠች፤ ከከረጢቱም አንድ ጭብጥ ሱፍ አፈሰች። መንግስቱ ከወረቀቱ ያነብላት ጀመር። እያነበበ፣ ከፊቱ ሱፍ የሚፈለፍለውን ሰው በስርቆት ያየዋል። ቂሙን እንኳ በቀን ቆጥሮ፣ ሲያልቅለት ከረጢቱን ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። ደግነት አይከብደውም፤ እናት ሲያዝልም አልከበደውም። ይህንንም ቀናበት፤ ምናልባት ከሁሉ አብልጦ በዚህ ቀናበት።

የአጋም ጣቶች ቆሙ። በአባቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ወረቀቱን አየች።

«አባ፣ አንድ መስመር ዘለሉ።»

መንግስቱ መነጽሩን አስተካከለ። ወደ ሳፒር መስመር ተመለሰና፣ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ አነበበላት።